አራት ጣት የረዘመ እጅጌ

ልብስ ሰፊዋ በሃያ ዓመት የሥራ ዘመኗ አንድ ነገር ጠንቅቃ አውቃለች፤ ሰው ሜትር ሲያይ ሆዱን ይስባል። ሙሽራ ትስባለች፣ የሙሽራ እናት ትስባለች፣ “እኔ እንኳ ለውፍረት ግድ የለኝም” የሚለው ጎልማሳማ ከሁሉም ብሶ ይስባል። በተሳበ ሆድ የተለካ ልብስ ደግሞ ባለቤቱ ወንበር ላይ ቁጭ ሲል ቁልፉን ያስፈነጥራል። ያኔ ጥፋተኛዋ ማን ናት? ሰፊዋ ናታ! ስለዚህ ዘዴ አበጀች። ሜትሩን ወገብ ላይ ታዞርና ቁጥሩን ሳታይ ወሬ ትጀምራለች። “ልጆች እንዴት ናቸው? ያ ጎረቤታችሁ በመጨረሻ ቤቱን ሸጠ?” ደንበኛው መመለስ ይጀምራል፣ ወሬው ይጥመዋል፣ ሜትሩን ይረሳዋል፣ ከዚያ እፎይ ብሎ ይተነፍሳል። ቁጥሩን የምታነበው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት፣ በገዛ ልጇ ጉዳይ የምታውቀውን ሁሉ ረሳችው።

ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ከሶፋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መስኮት ስትዘል ስለምትውል ፌንጣ ነው የምትባለው። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር። ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪሙ ኦቲዝምም ኤዲኤችዲ የሚሉት የመቅበጥበጥ ችግርም እንዳለባት ሲነግራቸው ሾፌሩ “ሁለቱም? ባንድ ጊዜ?” ብሎ ነበር፣ ልክ አንዱን መመለስ የሚቻል ይመስል። ሐኪሙ በትዕግሥት ሲያስረዳቸው ቆየ። ለእናትየው ግን ነገሩ የገባት ከማብራሪያው ይልቅ በኑሮ ነው። አንዱ ሁሉም ነገር እንደ ትናንቱ ይሁን ይላል፣ ሌላው ትናንት ሰለቸኝ ይላል፣ ሁለቱ በአንዲት ፍሬ ልጅ ውስጥ ሲጓተቱ ይውላሉ።

ፌንጣ ትናገራለች። ሲጨንቃት ግን የራሷ ቃል ይጠፋባትና ከአባቷ አውቶቡስ ትበደራለች። አውቶቡሱ ፌርማታ በደረሰ ቁጥር የሚናገር የተቀዳ የሴት ድምፅ አለው፤ ያን ድምፅ ቃል በቃል፣ ከነዜማው ይዛዋለች። ደስ ሲላት “እንኳን ደህና መጡ” ትላለች። ሲርባት “ቀጣዩ ፌርማታ፣ ገበያ” ትላለች። ድምፁ፣ ብርሃኑ፣ ሰዉ ሲበዛባት ደግሞ “በሩ ሊዘጋ ነው፤ እባክዎ ይጠንቀቁ” ትላለች። ያን ያለች እንደሆነ ከዚያ ቦታ ማውጣት ነው፤ ሌላ መላ የለውም። አባትም እናትም ይህን ያውቃሉ።

ከዚህ በፊት አንዲት ቴራፒስት ነበረቻት። የመረጠቻት እናትየው ራሷ ናት። ለምን መረጠቻት ቢባል፣ ክፍሏ ያብረቀርቃል፣ በየወሩም ባለ ቀለም ሰንጠረዥ ትሰጣለች። ቀጥ ያለ ስፌት የምትወድ ሴት ቀጥ ያለ ሰንጠረዥም ያታልላታል። በስምንት ወር ውስጥ ፌንጣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሃያ ደቂቃ ሙሉ መቀመጥ ቻለች። የአውቶቡሱን ወሬም እዚያ ክፍል ውስጥ እርግፍ አድርጋ ተወች፤ በተናገረች ቁጥር ከደብተሯ ላይ አንድ ተለጣፊ ኮከብ ይነሳባት ነበርና። ባልና ሚስት ደስታውን አልቻሉትም። ሾፌሩማ ሰንጠረዡን ፎቶ አንስቶ ለባልደረቦቹ በሙሉ ላከ፤ ግማሾቹ የአዲስ መስመር ካርታ መስሏቸው “ከመቼ ጀምሮ ነው?” ብለው መለሱለት።

እንግዲህ ያን ሰሞን ነው ፌንጣ ቤት ስትገባ የግራ እጇን አንጓ መንከስ የጀመረችው። መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ በለዘ፣ ከዚያ ጠባሳ ያዘ። እናትየው ስትጠይቅ ቴራፒስቷ “መላመድ ነው፣ ያልፋል” አለች። አላለፈም።

እናትየውም በሙያዋ መጣች። ልጇ ያላትን ልብስ ሁሉ አውጥታ እጅጌውን በአዲስ ቀየረች፤ ከልኩ አራት ጣት አስረዝማ፣ ቁስሉን እንዳይፈገፍግ ለስላሳ ገበር አስገብታ፣ ጫፉን በላስቲክ ሰብስባ። አምስት ቀሚስ፣ ሦስት ሸሚዝ። ያየ ሁሉ “እንዴት ያምራል፣ እጅሽ ይባረክ” ይላታል። እሷ ግን እውነቱን ታውቃለች። ቁስሉን አላዳነችውም፤ ልብስ አለበሰችው እንጂ።

አንድ ቀን ልብሱን ስታጥብ ገበሩ ላይ ደም አየች። በማግስቱ ያችን ቴራፒስት አቆሙ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር አለፈ። ትምህርት ቤቱ እየደወለ ነው፣ ልጅቷ እርዳታ ትፈልጋለች፣ አዲስ ቴራፒስት መምረጥ ግድ ነው። ሰፊዋ ግን ውድ ጨርቅ ካበላሸ በኋላ እንደገና መቀስ እንደሚያነሳ ሰው ሆነች። አንዴ መርጣ ነበር፤ ምርጫዋ ልጇ አንጓ ላይ ተጽፏል። ዳግመኛ ብሳሳትስ? ይህች ጥያቄ እህል እንኳ በወጉ አላስበላ አለቻት።

ፍለጋ ሲጀምሩ መጀመሪያ ያገኟት አዲስ ቴራፒስት ቢሮዋ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ አናት ላይ ነው። ቀጠሮው ለሰኞ ተያዘ፣ የቤቱም ዝግጅት ከቅዳሜ ጀመረ። እናትየው ከቀሚሱ አንገት ላይ የሚኮሰኩስ ክር ሁሉ ለቀመች። አባትየው የዕረፍት ቀኑን ሠውቶ፣ ጉልበቷ እንዲያልቅ ልጁን በጓደኛው አውቶቡስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ዙር አዞራት። እሑድ ከሰዓት ደግሞ የሚስቱን የስፌት መነጽር አፍንጫው ላይ ሰክቶ፣ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጦ፣ ቴራፒስት ሆነ።

“ስምሽ ማን ነው?”

“ትኬትዎን ይያዙ” አለች ፌንጣ።

“አይደለም! የአውቶቡስ ወሬ ነገ የለም። እጅ ጉልበት ላይ። ስምሽ ማን ነው?”

እስኪመሽ ድረስ እንዲህ ሲለማመዱ ዋሉ። በመጨረሻ ፌንጣ ስሟንም፣ ዕድሜዋንም፣ የምትወደውን ቀለምም ልቅም አድርጋ መለሰች። አባቷ ግንባሯን ሳማትና ላቡን ጠረገ።

ሰኞ ዕለት እንደ ተለማመዱት ሆነ። ሴትዮዋ መጥፎ ሰው አልነበረችም፤ እንዲያውም ፊቷ የሚፈካ፣ አነጋገሯ የሚጥም ሴት ናት። ፌንጣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፎቶ ሊነሳ እንደተቀመጠ ሰው አርባ ደቂቃ ቆየች። ሴትዮዋ ብዙ ጠየቀች፣ ብዙ ጻፈች፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

“በጣም ጥሩ መነሻ አላት። በስድስት ወር ውስጥ ክፍሏ ውስጥ እንደ እኩዮቿ ትቀመጣለች፤ ለዚህ ቃል እገባለሁ። የቀረኝ አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ ግን እስከ ዓርብ ምሳ ሰዓት መልስ ስጡኝ።”

የሾፌሩ ዓይን እንባ አቀረረ። ስድስት ወር! ቃል ጭምር! እዚያው ሊፈርም እጁን ሲዘረጋ ሚስቱ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

“እስከ ዓርብ ብለውን የለ? እናስብበት።”

ሊፍቱ ውስጥ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። ፌንጣ አንጓዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ስትነክስ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። እናትየው ቀስ አድርጋ ከአፏ አላቀቀችው፣ ሊፍቱ ምድር ከመድረሱ በፊትም እጅጌውን ወደ ታች ጎተት አደረገችው። በሩ ሲከፈት ውጭ ቆመው የሚጠብቁት ሰዎች አንዲት ንጹሕ ቀሚስ የለበሰች ጨዋ ልጅ ነው ያዩት።

“አየሻት? እንዴት ኮራሁባት መሰለሽ!” አለ አባትየው መንገድ ላይ። እናትየው የልጇን እጅ ይዛ መራመዷን ቀጠለች። ደስ ያላላት ለምን እንደሆነ ራሷም አላወቀችውም፤ የሆነ ቦታ የተዛነፈ ስፌት እንዳለ ብቻ ይሰማታል፣ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ዓይኗ አልያዘላትም።

ማክሰኞ ሱቋ አንዲት ነርስ መጣች፣ የድሮ ደንበኛዋ። ለወንድሟ ሠርግ ልብስ ልትለካ ነው። ሰፊዋ ሜትሩን አዞረች፣ ነርሷ ሆዷን ሳበች፣ ሰፊዋም እንደ ልማዷ ወሬ ልትጀምር አፏን ከፈተች። የወጣው ግን የደንበኛ ማጫወቻ ወሬ አይደለም፤ የራሷ ጭንቀት ተዘረገፈ። ስለ ሕንፃው፣ ስለ ስድስቱ ወር፣ ስለ ዓርብ።

“ይቅርታ ሲስተር፣ ሥራ አስፈታሁሽ” አለች በመጨረሻ።

“ኧረ ተይ። የእህቴ ልጅ እንዳንቺዋ ነው። አንድ ሽማግሌ ቴራፒስት ጋ ነው የሚሄደው፣ የወንበር መጠገኛ ካለበት ጀርባ። ብዙ አያወሩም፤ ወላጆቹ ጋሽ እርጋታ ነው የሚሏቸው።”

“ጎበዝ ናቸው?”

“ጎበዝ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው፣ የእህቴ ልጅ እዚያ የሚሄድ ቀን ጫማውን ራሱ ያደርጋል። ለሌላ ቦታ ግን ሁለት ሰው ይዞት ነው።” ይህን ብላ እፎይ ስትል ሰፊዋ ቁጥሩን አነበበች።

ያኔውኑ ደወለች። ሽማግሌው ሐሙስ ከሰዓት ኑ አሉ፣ ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ግን አንድ ነገር ጨመሩ፦ “ልጄ፣ ሳታዘጋጇት አምጧት።”

“እሺ” አለች፤ እሺ ብላም እንደገና ሁሉንም አዘጋጀች። ክሩ ተለቀመ፣ አውቶቡሱ ዞረ፣ መነጽሩ ተሰካ። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ቤት የማይጠርግ ሰው የለም መቼም።

የጋሽ እርጋታ ቦታ ሁለት ክፍል ነው። መሬቱ ፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፎበታል፣ ጥግ ላይ ሰው የሚያሰጥም ትልቅ ትራስ አለ፣ ከጣሪያው ወፍራም ገመድ ተንጠልጥሏል። ጓሮው በአጥር የተከበበ ግቢ ሲሆን እግራቸው የወለቀ ወንበሮች ለጥገና ተደርድረውበታል። ሰውዬው ራሳቸው መላጣ፣ ሹራባቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ ነው። አጣጣፉ ደግሞ ጉድ ነው! ሰፊዋ ገና ስታየው መርፌ አውጥታ ልትፈታው ቃጣት። ግድግዳው ላይ አንድ የምስክር ወረቀት ብቻ ተሰቅሏል፣ እሱም ዘመም ብሎ።

“እንኳን በደህና መጣችሁ” አሉና መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ጭጭ።

ፌንጣ ወንበሯ ላይ፣ እጅ ጉልበት ላይ። አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ። ሽማግሌው አይጠይቁም፣ አይጽፉም፤ እስክሪብቶው ደብተሩ ላይ ተጋድሟል። የሚያዩት ልጅቷን እንኳ አይደለም፣ መስኮቱን ነው። ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ስሟን... ማለቴ ዕድሜዋን፣ የምትወደውን ቀለም፣ ሁሉንም ትመልሳለች እኮ። ጥያቄ የለዎትም?”

“አለኝ። ትንሽ ቆይቼ።”

ስምንት ደቂቃ ሆነ። ሾፌሩ ሚስቱን “ምኑ ጋ ነው ያመጣሽን?” በሚል ዓይን ገረመማት። እሷ ግን ልብ አላለችውም። ሽማግሌውን እያየች ነበር። ይህን አቀማመጥ ታውቀዋለች። ይህን ዓይንን ወደ ሌላ ማድረግ፣ ይህን ቁጥሩን አለማንበብ፣ በየቀኑ ስትሠራው የኖረችው ነው። ሰውዬው ሜትሩን አዙረዋል፤ እስትንፋሱ እስኪወጣ እየጠበቁ ነው። እና ከሰኞ ጀምሮ የፈለገችው የተዛነፈ ስፌት ወለል ብሎ ታያት። ልጄን ሆዷን አስብቼ ነው ያስለካኋት! ለመጀመሪያዋ ቴራፒስትም እንዲሁ አለማምጄ ነበር የወሰድኳት፣ ለሁለተኛዋም። ታዲያ የተሰፋላት እንዴት ይሁንላት?

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ፌንጣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ በሹክሹክታ ተናገረች።

“በሩ ሊዘጋ ነው። እባክዎ ይጠንቀቁ።”

“ፌንጣ!” አለ አባትየው። “ምን ተባባልን?”

ሽማግሌው ወደ እናትየው ዞሩ። “ምን ማለቷ ነው?”

“ምንም” የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ለሰው ሁሉ “ምንም አይደል፣ ዝም ብላ ነው” ስትል ኖራለች። ዋጠችው።

“በቃኝ ማለቷ ነው። አውጡኝ ማለቷ ነው” አለች።

ሽማግሌው ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተነሡ፣ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት፣ እንዳይመለስም ወንበር አስደገፉበት።

“ክፍት ነው” አሉ። “ግቢው አጥር አለው።”

ፌንጣ በሩን አየች፣ እናቷን አየች፣ እንደገና በሩን አየች። ከዚያማ ምኑ ይወራል! ተወረወረች። ግቢው ውስጥ በተደረደሩት ወንበሮች ዙሪያ እያንዳንዱን እየነካች ዘጠኝ ጊዜ ዞረች። ተመልሳ ገባች፣ ወጣች፣ ገባች። ትራሱ ላይ ዘለለች፣ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለች፣ የእናቷን ቦርሳ ዘረገፈች፣ የሽማግሌውን ቦርሳ ዚፕ አግኝታ ክፍት፣ ዝግ፣ ክፍት፣ ዝግ ታደርገው ጀመር። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። ሾፌሩ ሊይዛት ሁለቴ ከወንበሩ ብድግ አለና ሁለቴም ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ተቀመጠ።

“እንኳን ደህና መጡ!” ብላ ጮኸች ፌንጣ፣ ክፍሉ እስኪያስተጋባ።

ጋሽ እርጋታ ያን ጊዜ እስክሪብቶአቸውን አነሡ። “አሁን መጣች” አሉና መጻፍ ጀመሩ።

ሲጽፉ ቆይተው ቀና አሉ። “ቀሚሷን ማን ሰፋው?”

“እኔ።”

“ትከሻው ልክ፣ ወገቡ ልክ፣ ቁመቱ ልክ። እጅጌው ብቻ ለምን ረዘመ?”

እናትየው ደነገጠች። ይህን ያህል ጊዜ መምህራኑ፣ ጎረቤቱ፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ያን እጅጌ ሲያደንቁ ከርመዋል፤ አንድም ሰው ለምን ብሎ አልጠየቀም። ሹራባቸው እንዲያ ተበላሽቶ የተጣፈ ሽማግሌ መጥተው በአንድ ዓይን ያዟት። ባሏን አየችው፤ አንገቱን ደፍቷል። ያውቃል እኮ። ሁለቱም ያውቃሉ።

“ላሳያቸው?” አለች ልጇን። ፌንጣ በአንድ እጇ ዚፑን እየሳበች ሌላኛውን ዘረጋችላት። እናትየው እጅጌውን ጠቀለለችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ።

ሽማግሌው ሳይነኩ አዩት። “መቼ መቼ ነው?”

“ስትቀመጥ የዋለች ቀን። ጎበዝ የተባለች ቀን።” እንባዋ ወረደ። “የመረጥኩላት እኔ ነኝ። የደበቅኩትም እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ብሳሳትስ?”

ጋሽ እርጋታ የእጅጌውን ገበር በጣታቸው ዳበሱት። “ለስላሳ ነው።”

“እንዳይፈገፍጋት ብዬ...”

“ታዲያ መደበቅ ብቻ አይደለማ፣ ልጄ።”

ይህን ሲሏት ጭራሽ ባሰባት። ትንሽ አልቅሳ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ከዚያ ልጇ ከዘረገፈችው ቦርሳ መሀል ጥያቄዎቿን የጻፈችበትን የታጠፈ ወረቀት ፈልጋ አነሣች። አልቅሳም ቢሆን ጥያቄዋን የምትተው ሴት አይደለችም። ባለ ሕንፃዋ ቴራፒስት ጋ ይዛው ሄዳ ሳታወጣው ነበር የተመለሰችው።

“በክፍሉ ውስጥ እኔ እሆናለሁ?”

“አንቺ ወይ አባቷ፣ ሁልጊዜ። በሩም አይዘጋም።”

“ስትነክስ ምን ያደርጋሉ?”

“እጇን አልጎትትም። ከመንከሷ በፊት የበዛባት ምን እንደነበር ፈልጌ እሱን እቀንሳለሁ። እስከዚያው የምትነክሰው ሌላ ነገር እንፈልግላታለን።”

“የአውቶቡሱን ወሬ ያስተዉአታል?”

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። “ያለችውን ቃል ከአፏ ነጥቄ ምን ልሰጣት? በእሱ ላይ እንጨምርላታለን እንጂ።”

“መሥራቱን በምን አውቃለሁ?”

“እዚህ በምትሆነው አትለኪው። ቤት ስትገባ በምትሆነው ነው። እጇን በየቀኑ አይተሽ ትጽፊልኛለሽ። ከባሰባት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ የምለወጠውም እኔ ነኝ።”

ሾፌሩ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለም። “በስንት ወር ትስተካከላለች?”

“አላውቅም፣ ልጄ።”

“በግምት እንኳ?”

“ሃያ ደቂቃ ነው ያየኋት። ከዚያ በፊት የተቀመጠችውን ልጅ እናንተ ናችሁ ያሠለጠናችኋት፤ እሷን አላውቃትም።”

ወደ ቤት የተመለሱት በአውቶቡስ ነው። ሾፌሩ ፌርማታው ላይ ቆሞ ሲያጉረመርም ነበር፤ “ያቺኛዋ ስድስት ወር ብላ ቃል ገባች፣ እሳቸው ሹራባቸውን እንኳ አስተካክለው አልጣፉም።” አውቶቡሱ መጣ፣ ተሳፈሩ፣ ፌንጣ ከአውቶቡሱ ነጂ ኋላ ካለው ወንበር ተቀመጠች። ትንሽ እንደተጓዙ አንድ ሰው ከኋላ እየሮጠ መጥቶ በሩን ደበደበ፣ ነጂውም፣ የአባቷ የሥራ ባልደረባ፣ ቆሞ ከፈተለት። የፌንጣ አባት ያን አይቶ ማጉረምረሙን ተወ።

“በቀን ስንት ጊዜ በር እንደምከፍት ታውቂያለሽ?” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ለሰከረም፣ ለሚሳደብም እከፍታለሁ። ልጄ ‘በሩ’ እያለች ስትለምነኝ ግን ዝም በይ ነው ያልኳት።”

ሚስቱ እጁን ያዘችው። ዓይኗ ግን ከልጇ አንጓ ላይ አልተነቀለም። ቤታቸው አሥራ አራት ፌርማታ ነው። ፌንጣ መስኮቱን እያየች፣ ከድምፁ ጋር አብራ የየፌርማታውን ስም እየጠራች ሄደች። አሥራ አራቱም ፌርማታ አለፈ፤ አንጓዋ አንዴም አፏ አልደረሰ። እናትየው ከአውቶቡሱ ስትወርድ እፎይ አለች።

ዓርብ ጠዋት እናትየው ባለ ሕንፃዋ ቴራፒስት ጋ ደወለች። “በጣም ጥሩ ተቀምጣ ነበር እኮ” አለች ሴትዮዋ፣ ከልቧ አዝና።

“እርስዎ አላጠፉም። ያዩት እሷን ሳይሆን የእኛን ልምምድ ነው” አለች ሰፊዋ። “ቦታውን ለሌላ ይስጡት።” ስልኩን ዘግታ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ማር ሆነ ማለት አይደለም። ፌንጣ አንድ ቀን የመምህሯን ጫማ በመስኮት ወርውራለች። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ እጇ ባሰበት፣ እናትየውም ጻፈች። በማግስቱ ጋሽ እርጋታ ራሳቸው ደወሉ። “የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ገመዱን አብዝቼባታለሁ” አሉ። የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ተሳሳትኩ ሲል ሰፊዋ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ስልኩን ዘግታ ለብቻዋ ከት ብላ ሳቀች። በእሳቸው ምክር ከወፍራም ጨርቅ ስምንት ጊዜ አጥፋ የምትነከስ ማሰሪያ ሰፍታ ለልጇ አንገት አበጀችላት፣ በኃይል ሲጎተት የሚለቅ ቁልፍም አደረገችበት። የሽማግሌውንም ሹራብ ክርኑ ላይ ፈታ እንደገና ጣፈችላቸው፤ እሱን ሳታደርግ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።

በአራተኛው ወር ነርሷ ሌላ ልብስ ልትለካ መጣች። ሱቁ በሰው ተጨናንቋል። ሰፊዋ ሜትሩን አዙራ፣ ነርሷ ሆዷን ስባ ሳለ፣ ሾፌሩ ፌንጣን ይዞ ገባ። ፌንጣ ጨርቁን ዳበሰች፣ ማሽኑን ነካች፣ ሰዉን ዞራ አየች፣ ማሰሪያዋን ነከስ አደረገች።

“በሩ ሊዘጋ ነው” አለች፤ ከዚያ የራሷን ጨመረች፣ “ሰው በዛብኝ።”

እናትየው የያዘችውን ሜትር ነርሷ ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቀር ተወችው፣ በሦስት እርምጃ ሄዳ የሱቁን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ፌንጣ ተፈትልካ ወጣች፣ አባትየውም ተከተላት። ነርሷ “የራሷን ቃል ነው የተናገረችው? የራሷን?” ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ሆዷም ሳታውቀው ተለቀቀ።

ደንበኞቹ ሲሄዱ ፌንጣ ተመለሰች። ቁመት ጨምራለች፣ ቀሚሶቹ አጥረውባት አዲስ ሊሰፋላት ነው። እናትየው ሜትሩን ከትከሻዋ ጫፍ አስጀምራ በክርኗ አሳልፋ እስከ አንጓዋ አወረደችው። ጠባሳው ገርጥቷል፣ አዲስ የጥርስ ምልክት የለም። ቁጥሩን አነበበች፤ አርባ አንድ። እርሳሷ ከልማዷ የተነሣ አራቱን ጣት ልትደምር የልኬት ደብተሩ ላይ ትንሽ ቆም አለች።

አርባ አንድ ብላ ጻፈች፣ ምንም አልጨመረችበትም።